ኮአክሱን አትቀይር፣ ቾክ አስገባ፦ በቤት ለተሠራ ዳይፖል የኬብል ምርጫ

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንባቢ የአማተር ራዲዮ ጄኔራል ፈቃዱን አውጥቶ ለ40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ዳይፖል አንቴና በገዛ እጁ ሠራ። ሁለት ክንፍ ሽቦ ነው፣ እያንዳንዱ 10 ሜትር ገደማ። መሃሉን ጓሮው ውስጥ ካለ ዛፍ ላይ ሰቀለ። 20 ሜትር አርጂ-58 ኮአክስ፣ ማለትም መሃሉ ሽቦ ዙሪያው የመዳብ ጥልፍ የሆነ ኬብል፣ በቀጥታ አገናኘና በአንደኛው ክንፍ ሥር አሳልፎ በመስኮት አስገባው። ሬዲዮው 100 ዋት ነው።

«ጋሼ፣ ስናገር ማይኩ ከንፈሬን ይነዝረኛል። የኮምፒውተሩ ስፒከር ይጮሃል። ኬብሉን በእጄ ስይዘው ኤስደብሊውአሩ ከ1.4 ወደ 2 ይወጣል» ይላል። ኤስደብሊውአር አንቴናው ከኬብሉና ከሬዲዮው ጋር ምን ያህል እንደተጣጣመ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ 1 ፍጹም ነው። ጓደኛው መክሮት ኦንላይን 4 ለ 1 ባሉን (ኬብልን ከአንቴና የሚያጣጥም መሣሪያ) ገዝቶ ቢያስገባ ደግሞ ኤስደብሊውአሩ ከ3 በላይ ሆነ። ነቀለው። አሁን የሚጠይቀኝ «ኮአክሱን ትቼ የመሰላል ገመድ (ሁለት ሽቦ እንደ መሰላል ተራርቀው ጎን ለጎን የሚሄዱበት ኬብል) ልዘርጋ ወይ?» ብሎ ነው።

አትዘርጋ ወንድሜ። ኮአክስህ ይበቃሃል። የጎደለህ ከመሃሉ ላይ የሚገባ ቾክ፣ ማለትም በኬብሉ ውጭ ወደ ቤት የሚወርደውን ሞገድ የሚያግድ ጥምጥም፣ ብቻ ነው። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፣ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር።

አንቴናውን ለማውረድ ገመዱን ከመፍታትህ በፊት ቀና በልና የኤሌክትሪክ መስመሩ የት እንዳለ እይ። በአሜሪካ ብዙ ሰፈሮች ከእንጨት ፖሉ ጫፍ ላይ የሚሄደው ሽቦ ባዶውን ነው፣ 7,200 ቮልት መሸከሙም የተለመደ ነው። ወደ ቤት የሚወርደው ጥቁር መስመር የተሸፈነ ቢመስልም ሽፋኑ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ሊሆን ስለሚችል አትመነው። ራስህን ጠይቅ፦ የአንቴናዬ ሽቦ ቢበጠስና ነፋስ ቢወስደው መስመሩ ላይ ሊደርስ ይችላል? መልሱ «ምናልባት» ከሆነ ቦታው አይሆንም፣ ሌላ ዛፍ ፈልግ።

ወደ ችግርህ እንመለስ። ደብዳቤህን ሳነብ ዓይኔ የያዘው የከንፈሩ መንዘር አልነበረም። እሱ የተለመደ ነው። የያዘኝ «20 ሜትር» የሚለው ነው። በ7.2 ሜጋኸርዝ ግማሽ የሞገድ ርዝመት 20.8 ሜትር ነው። የኬብልህ የውጭ ገጽ፣ በሬዲዮውና በፓወር ሰፕላዩ ሽቦ በኩል እስከ ግድግዳው ሶኬት ሲቆጠር፣ ወደዚያው ይጠጋል። ላንተ ሁኔታ ከዚህ የባሰ ርዝመት ማግኘት ይከብዳል። በዚያ ላይ ኬብሉን በክንፉ ሥር አሳልፈኸዋል፣ ክንፉ የሚረጨውንም ይቀበላል። ሁለቱ ሲደመሩ ውጤቱ ከንፈርህ ላይ ነው የሚታየው።

ይኼን ነገር ዘርዘር አድርጌ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም አንዴ ከገባህ የአንቴና ኬብልን በሌላ ዓይን ታየዋለህ።

ኮአክስ ሁለት ሽቦ ያለው ይመስላል፤ የመሃል ሽቦና የውጭ ጥልፍ። ለባትሪ ከሆነ እውነት ነው። ለሬዲዮ ሞገድ ግን ሦስት ነው። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ኤሌክትሪክ በመዳብ ሆድ ውስጥ አይሄድም፣ በቆዳው ላይ ነው የሚሄደው። በ7 ሜጋኸርዝ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በግምት 0.025 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የጥልፉ የውስጥ ገጽና የጥልፉ የውጭ ገጽ፣ አንድ መዳብ ሆነው ሳለ፣ ለሞገዱ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። በኬብሉ ውስጥ እያለ ሁሉም ሰላም ነው። በመሃል ሽቦው የሚሄደውና በጥልፉ የውስጥ ገጽ የሚመለሰው እኩልና ተቃራኒ ናቸው፣ ወደ ውጭ የሚያመልጥ ነገር የለም።

ነገሩ የሚበላሸው ኬብሉ አንቴናው ላይ ሲያልቅ ነው። የመሃል ሽቦው አንድ ክንፍ ብቻ ነው የሚያገኘው። በጥልፉ የውስጥ ገጽ ያለው ኤሌክትሪክ ግን ጠርዙ ላይ ሲደርስ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ሁለተኛው ክንፍ ነው፣ ሌላው ተጠማዞ በራሱ በጥልፉ የውጭ ገጽ ወደ ቤትህ መውረድ። እንደ መስኖ ውሃ ነው፤ ሁለት ቦይ ካገኘ ለሁለት ይከፈላል፣ ወደሚቀለውም ይበዛል። የውጭ ገጹ ርዝመት ሩብ ሞገድ፣ ማለትም 10 ሜትር ገደማ ሆኖ ጫፉ መሬት ቢያገኝ መግቢያው ከባድ ስለሚሆን ብዙም አይገባበትም። ግማሽ ሞገድ ሲሆን ግን መግቢያው ክፍት በር ነው። ያንተ እንደዚያ ነው። አንቴናህ ሁለት ክንፍ ሳይሆን ሦስት አለው፣ ሦስተኛው ጠረጴዛህ ላይ ያልቃል። ኬብሉን ስትይዘው ቆጣሪው የሚንቀሳቀሰው የአንቴናውን አካል ስለያዝክ ነው። አንድ ሰው ማስተላለፊያው እየሠራ የዳይፖሉን ክንፍ ቢይዝ ኤስደብሊውአሩ ቢለወጥ አይገርመውም፣ አይደል?

ይኼ መንገድ ሲቀበልም ይሠራል። ከቤት ውስጥ የኤልኢዲ መብራት፣ የስልክ ቻርጀርና የራውተር ጫጫታ በዚያው በውጭ ገጹ ወጥቶ አንቴናው መሃል ላይ ይገባና በኬብሉ ውስጥ ወደ ሬዲዮህ ይመለሳል። ስለ ጫጫታ አልጻፍክልኝም፣ ግን እንዳለብህ እገምታለሁ።

ግምቴን አሁኑኑ መሞከር ትችላለህ። ሬዲዮው ዘንድ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ተጨማሪ ኮአክስ ቀጥልና በ10 ዋት ኤስደብሊውአሩን ለካ። ጤነኛ አንቴና ላይ ቁጥሩ እምብዛም አይነቃነቅም። ጎላ ብሎ ከተለወጠ በውጭ ገጹ ላይ የሚሄድ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ኬብሉን በእጅ እየያዝክ አትሞክር፣ ያቃጥላል።

የ4 ለ 1 ባሉኑ ነገር ያናድደኛል። ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም። ሻጮቹ ግን «ለዳይፖል» የሚል ወረቀት ለጥፈው ለማንም ይሸጡታል። ዝቅ ብሎ የተሰቀለ የ40 ሜትር ዳይፖል መሃሉ ላይ ከ50 እስከ 70 ኦም አካባቢ ነው። 60 እንበል። 4 ለ 1 ለአራት ያካፍለዋል፣ 15 ኦም ይሆናል። ኮአክስህና ሬዲዮህ የተሠሩት ለ50 ኦም ነው፤ 50ን ለ15 ስታካፍል 3.3። ያየኸው ቁጥር እሱ ነው። ዕቃው ሥራውን ሠርቷል፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። 4 ለ 1 ቦታው ክንፎቹ እኩል ባልሆኑ፣ አንድ ሦስተኛው ላይ በሚመገቡ አንቴናዎች ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ቾክ ይጨመርለታል።

ሌላ የምትሰማው ምክር «መሬት ስለሌለህ ነው፣ ዘንግ ቅበር» የሚል ነው። የመሬት ዘንግ ለመብረቅ ያስፈልጋል፣ ከቤቱ ዋና መሬት ጋርም መታሰር አለበት። ይኼንን ችግር ግን አይፈታም፣ አንዳንዴ ያባብሰዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ኤፍቲ240-31 የሚባል የፌራይት (ማግኔታዊ ሴራሚክ) ቀለበት ግዛ። 31 የሚለው የቁሳቁሱ ቁጥር ነው፣ በሱ አትደራደር። ቁጥር የሌለው ጥቁር ቀለበት በግማሽ ዋጋ ታገኛለህ፣ አትግዛው። ለምን እንደተሠራ የሚያውቅ የለም። ኬብል ላይ የሚጠረቀሙት ትንንሽ ፌራይቶችም አንድ ሁለት ብቻ ሲሆኑ በ7 ሜጋኸርዝ ከንቱ ናቸው፤ አንዱ የሚሰጥህ ጥቂት አሥር ኦሞች ነው፣ አንተ የምትፈልገው ግን በሺዎች ነው።

በቀለበቱ ላይ ቀጭኑን የቴፍሎን ኮአክስ፣ አርጂ-316፣ ከ12 እስከ 14 ዙር ጠምጥም። ለ100 ዋት ይበቃል። አርጂ-58 መጠምጠምም ይቻላል፣ ግን ውስጡ ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ በጠባብ ዙር ታጥፎ ሲሞቅ የመሃል ሽቦው ቀስ እያለ ወደ ጥልፉ ይጠጋል። ዙሮቹን ቀለበቱ ላይ በትነህ አስቀምጥ፣ መግቢያና መውጫው ጎን ለጎን አይሁኑ። ኮአክስን ያለ ፌራይት እንደ ገመድ ጠቅልለው የሚሰቅሉ አሉ። አንድ ባንድ ላይ ሊረዳ ይችላል፣ ሌላው ላይ ግን ዋጋ የለውም፣ የትኛው ላይ እንደሚሠራም ሳትለካ አታውቅም።

ቀለበቱን በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርገህ ልክ መሃሉ ላይ ስቀለው። ከሬዲዮው አጠገብ ማስገባት ጫጫታውን ይቀንስ ይሆናል፣ ሦስተኛውን ክንፍ ግን አይቆርጠውም። አቅሙ ካለህ ሁለተኛ ቾክ ከመስኮቱ አጠገብ ጨምር። ከሳጥኑ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ብሳ፣ የገባ እርጥበት ይውጣበት። የክንፎቹ ክብደት በሶልደሩ ላይ አይንጠልጠል፣ ሽቦዎቹን መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ እሰራቸው።

ሳጥኑን ከማገናኘትህ በፊት የድሮውን ኬብል ጫፍ ተመልከት። በቀጥታ ተገናኝቶ ክፍት አፉ ዝናብ ሲጠጣ ከርሟል። የላዩን ላስቲክ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ላጠው። ጥልፉ ካበራ ደህና ነው። ጥቁር ከሆነ፣ ወይም ስትነካው አረንጓዴ ዱቄት ከረገፈ፣ የሚያበራው እስኪመጣ ቁረጥ። ሁለት ሜትር ካለፍክና አሁንም ጥቁር ከሆነ ኬብሉን ጣለው። ርካሹ አርጂ-58 ጥልፉ ሳስቶ ነጩ ፕላስቲክ በመካከሉ ይታያል፤ እንደዚያ ከሆነም ጊዜህን አታባክንበት። ርካሽ ፒኤል-259 ማገናኛም ሶልደር ስታደርገው ውስጡ ቀልጦ የመሃሉ መርፌ ይጣመማል። ነጭ ቴፍሎን ያለውን ግዛ። ስትጨርስ በቴስተር የመሃሉና የውጩ አለመነካካታቸውን እይ፣ ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ የላስቲክ ቴፕ ጠቅልል፣ ከላዩ ናስትሮ። ኮምጣጤ የሚሸት ሲልከን አትቀባበት፣ መዳቡን ይበላዋል።

ኬብሉን ከክንፉ ሥር አውጣው። ከመሃሉ ቀጥ ብሎ ይውረድ፣ ከሁለቱም ክንፍ እኩል ርቆ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ይታጠፍ።

የመሰላል ገመድ መጥፎ አይደለም። በአንድ አንቴና ብዙ ባንድ ለሚፈልግ ሰው እሱ ነው ምርጫው። የ40 ሜትር ዳይፖልን በ20 ሜትር ባንድ ብታሠራው መሃሉ በሺዎች የሚቆጠር ኦም ይሆናል፣ ኮአክስ ላይ አብዛኛው ኃይልህ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። መሰላሉ ይኼንን ያለ ብዙ ብክነት ይሸከማል። ግን ጥሩ ቲውነር (አንቴናውን ከሬዲዮው ጋር የሚያስተካክል መሣሪያ) ይፈልጋል፣ ከአሉሚኒየም ግድግዳና ከአሸንዳ መራቅ ይፈልጋል፣ መሬት ላይ መጠቅለል አይወድም፣ ዝናብ ሲመታው ማስተካከያህ ይለወጣል። አንተ በመስኮት ነው የምታስገባው፣ የጠየቅኸኝም ስለ አንድ ባንድ ነው። በዚህ ርቀት ደግሞ ኮአክስህ በ7 ሜጋኸርዝ የሚበላው ከ1 ዴሲቤል በታች ነው።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ (ET3AA) የሆነውን፣ ማግኘት እመኛለሁ ብለሃል። ደስ አለኝ። ለዚያ ግን ሁለተኛ ዳይፖል ለ20 ሜትር ባንድ ሥራ። ጠቅላላ ርዝመቱ 10 ሜትር ብቻ ነው፣ ቾኩም ያው ራሱ ዓይነት። አዲስ አበባ ካንተ ሰፈር በ66 ዲግሪ ገደማ፣ በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ መካከል ናት፤ ስለዚህ ሽቦው ከሰሜን ትንሽ ወደ ምዕራብ፣ ከደቡብም ትንሽ ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ቢዘረጋ ጎኑን ይሰጣታል።

መልሰህ ስትሰቅል ገመድ ከመወርወርህ በፊት አሁንም ቀና በል። የገመዱ ጫፍ ላይ ያሰርከው ክብደት ዛፉን አልፎ የት ነው የሚወድቀው? ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ አቅጣጫ አትወርውር። ብቻህንም አትሥራ፣ መስመሩን ብቻ የሚያይ ሰው አጠገብህ ይቁም።

ቾኩ ከገባ በኋላ ኤስደብሊውአሩ ሊብስ ይችላል፣ አትደንግጥ። እስከ ዛሬ የለካኸው ሦስት ክንፍ ያለውን አንቴና ነበር። አሁን የምታየው የዳይፖሉ የራሱ ቁጥር ነው። ዝቅተኛው ነጥብ የት እንዳለ ፈልግ። ከ7.2 በታች ከሆነ ሽቦው ረዝሟል። ከእያንዳንዱ ክንፍ 10 ሳንቲሜትር ስትቀንስ ነጥቡ 70 ኪሎኸርዝ ያህል ወደ ላይ ይወጣል። አትቁረጠው፣ ጫፉን ወደ ኋላ አጥፈህ በራሱ ላይ ጠምጥመው። ቁጥሩ ሲረጋ ያኔ ትቆርጣለህ። ማስተላለፊያው እየሠራ ጫፎቹን ማንም እንዳይነካቸው፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ ያለው እዚያ ነው።

ይኼን ሁሉ አድርገህ ከንፈርህ አሁንም ከነዘረህ የሳጥኑን ውስጥ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ቀለበቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ የዙሮቹ ብዛት፣ ኬብሉ ከመሃሉ እስከ ሬዲዮው የሚሄድበት መንገድ ይታይ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ከክንፎቹ ጫፍ ምን ያህል እንደሚርቅም ጻፍልኝ።