ከባዱን ዳገት መጨረሻ ላይ አታስቀምጠው

ወንድሜ፣ ለብስክሌት ውድድር የነደፍከውን የፈረንሳይ አልፕስ መንገድ አየሁት። 220 ኪሎ ሜትር፣ አምስት ዳገት፣ ከጋሊቢዬ በሎታሬ በኩል ወርዶ ቡር ዱዋዛን፣ ከዚያ አልፕ ዱዌዝ ላይ ማብቂያ። «ይህን ሁሉ ተራራ ደርድሬ፣ ለምንድነው ሰዎች እስከ መጨረሻው 3 ኪሎ ሜትር ማንም አይንቀሳቀስም የሚሉኝ? ምን ልጨምርበት?» ብለሃል። ትክክል ናቸው፤ የሚጨመርበት ነገርም የለም፣ የሚቀነስ እንጂ። የተራራ ኤታፕ (የብዙ ቀን ውድድር አንዱ ቀን) የሚደምቀው ዳገት ስለበዛበት አይደለም። ቀድሞ ከሌሎቹ ተነጥሎ የወጣ እንደሚያተርፍ መንገዱ ራሱ ሲያሳምን ነው።

ለዋንጫ የሚፎካከር ብስክሌተኛ ሂሳቡ አጭር ነው፦ አሁን ልውጣ ወይስ ልጠብቅ? ከባዱን ዳገት መጨረሻ ላይ ካስቀመጥክለት መልሱን ሰጥተኸዋል፣ ይጠብቃል። የ2023ቱን ጂሮ ዲታሊያ፣ የጣሊያኑን የሦስት ሳምንት ውድድር፣ አስታውስ። 20ኛው ቀን በሞንቴ ሉሳሪ የሰዓት ውድድር (እያንዳንዱ ብቻውን የሚወዳደርበት) ነበር፣ ዳገቱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ በአማካይ 12 በመቶ። ሁሉም ያንን ቀን እያሰበ ጉልበቱን ቆጠበ። ሮግሊች ተፎካካሪውን ቶማስን በጠቅላላ ድምር በ14 ሰከንድ በልጦ ጂሮውን ወሰደ። ያቺ አንዲት ከሰዓት በኋላ ግሩም ነበረች፤ በእኔ ዓይን ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን ብዙ ቀናት በልታብናለች።

ተቃራኒውን ካሻህ የ2012 ቩኤልታን (የስፔኑን ውድድር) 17ኛ ኤታፕ ተመልከት፦ ከሳንታንዴር ፉዌንቴ ዴ፣ 187 ኪሎ ሜትር። መጨረሻው ረጅም ግን ለስላሳ ነው። ኮንታዶር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር፣ ማንም ከቁም ነገር ባልቆጠራት ኮላዶ ዴ ላ ኦዝ ላይ ወጣ። የመሪነቱን ቀይ ማሊያ የለበሰው ሮድሪጌዝ ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ተቀደመ። መጨረሻው ቀላል መሆኑ ነው ቀድሞ ያስኬደው፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ማንንም ሊጥል እንደማይችል ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ተዳፋቱ። አንድ 65 ኪሎ የሚመዝን ጥሩ ዳገት ወጪ 390 ዋት ገደማ ጉልበት ቢያወጣ፣ 5 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ ንፋስ ለመግፋት ይውላል። 9 በመቶ ላይ ፍጥነቱ ወደ 19 ይወርዳል፣ የንፋሱ ድርሻ ደግሞ ከአሥር አንድ እጅ በታች ይሆናል። ስለዚህ 5 በመቶ ላይ ከረዳት ጎማ ጀርባ የተደበቀ ሰው ብዙ ይቆጥባል፣ ጠንካራ ቡድን ያለው መሪም ውድድሩን በእጁ ይይዛል። ከ8 በመቶ በላይ ሲሆን መደበቅ ብዙም አይጠቅምም፣ የሚለየው እግር ነው። የመጨረሻውን ዳገት 6 ወይም 7 በመቶ፣ ከእሱ በፊት ያለውን 8 ወይም 9 በመቶ አድርግ የምልህ ለዚህ ነው።

አማካዩን ብቻ አትመን። የክሯ ደ ፌር ዳገት ከቡር ዱዋዛን በኩል 24 ኪሎ ሜትር በ5.2 በመቶ ተብሎ ይጻፋል፤ መሐሉ ላይ ቁልቁለት ስላለበት እንጂ ከ10 በመቶ በላይ የሚቆም ቦታ አለው። ሁልጊዜ በየኪሎ ሜትሩ ከፋፍለህ እይ። ከፍታውንም አትርሳ፦ በፈረንሳይ አልፕስ ያለው ግራኖን ጫፉ 2413 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ የሰፈሩ ከፍታ ነው፤ ለአብዛኛው አውሮፓዊ ብስክሌተኛ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ዋቱ ይወርዳል፣ በአንድ ክፉ ቀን ደቂቃዎች የሚጠፉትም እዚያ ነው።

የነደፍከው መንገድ ትልቁ ችግር ግን ሸለቆው ነው። ከጋሊቢዬ ጫፍ እስከ ቡር ዱዋዛን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ቁልቁል ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ንፋሱ ከፊት ነው። ብቻውን የወጣ ሰው እዚያ ላይ ከሚፈራረቁ አምስት አሳዳጆች ጋር አይችልም። በ2011 ቱር ደ ፍራንስ 19ኛው ኤታፕ ይኸው መንገድ ነበር፣ 109.5 ኪሎ ሜትር ብቻ። ኮንታዶር ገና ከጋሊቢዬ በፊት ባለው ቴሌግራፍ ዳገት ላይ ተነጥሎ ወጣ፣ አንዲ ሽሌክ ተከተለው፣ ኤቫንስ በአሳዳጅነት ተጨነቀ። አልፕ ዱዌዝ ሥር ሲደርሱ ግን ተገናኝተው ነበር። ኤታፑን ያዳነው አጭርነቱና ሰዎቹ እንጂ ሸለቆው አይደለም። ከአንድ ዳገት ጫፍ እስከ ቀጣዩ ሥር 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ አብዛኛውም ጠመዝማዛ ቁልቁለት ቢሆን እመርጣለሁ። በ2022 ቱር የስፓንዴል ዳገት ከቀጣዩ ከኦታካም ጋር የተገናኘው እንደዚያ ነበር፤ ፖጋቻር ስፓንዴል ላይ ደጋግሞ ያጠቃውም ለዚያ ነው።

ሸለቆ ሳይገድለው የሚቀር ጥቃት አለ፣ ከፊት ረዳት ሲጠብቅ። በዚያው 2011፣ በዋዜማው፣ ሽሌክ ኢዞዋር ላይ 60 ኪሎ ሜትር ሲቀር ሲወጣ የቡድን ጓደኛው ማክሲም ሞንፎር ከጠዋቱ አምላጮች ጋር ነበር፤ ቁልቁለቱንና ሸለቆውን ጎተተለት። በ2025 ጂሮ ሳይመን የትስ ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ ላይ ሲለይ፣ የቡድን ጓደኛው ቫን አርት ቀድሞ ወጥቶ ነበርና ጠብቆ ወደ ሴስትሪየሬ ሳበው፤ ሮዝ ማሊያ የለበሰው ዴል ቶሮና ካራፓዝ ግን እርስ በርስ ሲጠባበቁ ጂሮው አመለጣቸው። ይህ እንዲሆን ጠንካራ ረዳቶች ጠዋት ላይ ማምለጥ መቻል አለባቸው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ሜዳ አታድርጋቸው። ሜዳ ላይ ማንም ሊያመልጥ ይችላል፤ ዳገት ላይ የሚያመልጠው መውጣት የሚችለው ነው።

ፊኔስትሬ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። 18.5 ኪሎ ሜትር በ9 በመቶ ገደማ፣ የመጨረሻው 8 ኪሎ ሜትር ፒስታ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ የቡድን መኪናዎች በቀላሉ አያልፉም፣ እንደ ባቡር ተሰልፎ መሪውን የሚጎትት ቡድንም ይበጣጠሳል። ፍሩም በ2018 ጂሮ ከዚያ ተነስቶ 80 ኪሎ ሜትር ብቻውን ሲሄድ፣ ከኋላ ዱሙላን የሌላ ቡድን ረዳት እስኪደርስ መጠበቁ ብዙ አስከፈለው። መንገዱ ቡድን ሲያፈርስ ሰው መሳሳት ይጀምራል፣ ነዳፊ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ርዝመትን በተመለከተ «አጭር ከሆነ ይደምቃል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። በ2018 ቱር ከሉሾን ኮል ዱ ፖርቴ 65 ኪሎ ሜትር ብቻ አደረጉት፣ ተወዳዳሪዎቹንም እንደ ፎርሙላ 1 በደረጃቸው አሰለፏቸው። ሰልፉ ምንም አልቀየረም፣ ቡድኖቹ ወዲያው ተሰባሰቡ። የ2016 ቩኤልታ የፎርሚጋል ኤታፕ 118.5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የፈነዳው ኮንታዶርና ኪንታና ገና ከመነሻው ስለወጡና የፍሩም ቡድን ስለተበተነ ነው። በዚያ ቀን ከ90 በላይ ሰዎች ከሰዓት ገደብ ውጪ ገቡ፣ ዳኞቹም ይቅር አሏቸው። አጭር ኤታፕ ስትነድፍ ይህንን አስብ፦ ገደቡ የሚሰላው ከአሸናፊው ሰዓት ነውና ቀኑ ባጠረ ቁጥር ለኋለኞቹ የሚተርፈው ደቂቃ ያንሳል። ለእኔ ከ130 እስከ 175 ኪሎ ሜትር፣ ከ4000 እስከ 5000 ሜትር ጠቅላላ ዳገት ይበቃል። አንድ 200 ኪሎ ሜትር በሦስተኛው ሳምንት ቢኖር አልጠላም፣ ድካም የሚጠራቀመው በዚያ ነው።

የትኛው ቀን ላይ እንደምታውለውም ይቆጠራል። በ2009 ቱር የቫንቱን ዳገት ከመጨረሻው የፓሪስ ቀን በፊት ባለው ቀን አደረጉት፤ ይመራ የነበረው ኮንታዶር አንዲ ሽሌክን መከተል ብቻ በቃው። ከባድ ቀን ካለ በማግስቱ ሌላ ከባድ አታስከትል፣ ሰዎቹ ነገን እያሰቡ ዛሬን ይተኛሉ።

ስለ መንገዱ ራሱ። ቁልቁለቱን በሳተላይት ምስል ብቻ አትፍረደው፤ እየጠበበ የሚሄድ ጥምዝ፣ የተቆፈረ አስፋልት፣ አጥር የሌለው ገደል መታየት አለበት። በ2023 ቱር ደ ስዊስ ጂኖ ሜደር የሞተው ከአልቡላ ሲወርድ ነው፣ ማብቂያው እታች ላ ፑንት ነበር። በቁልቁለት የሚያልቅ ኤታፕ እወዳለሁ፤ መንገዱ ሰፊ፣ የሚታይና በቅርብ የታደሰ ከሆነ ብቻ። ከፍ ላለ ተራራ ሁልጊዜ ተለዋጭ ማብቂያ ያዝ፦ በ2019 ቱር ኢዝራን ተራራ ላይ በረዶና የመሬት መንሸራተት ኤታፑን መሐል ላይ አስቁመውታል።

የአንተን እንዲህ ላስተካክለው። ከቡር ዱዋዛን ተነስተህ ወዲያው ክሯ ደ ፌር። የሞሪየን ሸለቆ ሜዳ ቢሆንም ገና ጠዋት ስለሆነ አይጎዳም፣ የምግብ ማቀበያውን እዚያ አድርገው። ከዚያ ቴሌግራፍ፣ 11.9 ኪሎ ሜትር በ7.1 በመቶ፣ ተከትሎ ጋሊቢዬ። ከሎታሬ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደህ ሻምቦን ግድብ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍና በሳሬን ዳገት፣ 12.8 ኪሎ ሜትር በ7.3 በመቶ፣ አልፕ ዱዌዝን በጓሮ ግባ። 171 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ2026 ቱር 20ኛ ኤታፕ የተመረጠውም ይህ መንገድ ነው። ከሎታሬ በታች ያለው ቁልቁለት አሁንም ደካማ ጎኑ ነው፣ ከክሯ ደ ፌር ጀምሮ ያመለጠ ረዳት የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው። ሳሬን ጠባብና ሸካራ ነው፣ በ2013 ቱር ቁልቁል ሲወርዱት ተወዳዳሪዎቹ አማርረዋል፤ አንተ ግን ዳገቱን ነው የምታስወጣቸው። ከጫፉ በኋላ ትንሽ ወርደህ እንደገና የምትወጣትን የመጨረሻ ክፍል በየ500 ሜትሩ ከፋፍለህ ተዳፋቷን ለጥፍልን፣ የማብቂያው መስመር የት መሆን እንዳለበት እሷን አይተን እንወስናለን።