የአባት ሌንስ ወይስ አዲስ ሌንስ?

ጥያቄ፦ አባቴ በ1974 ዓ.ም. ሞስኮ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ዜኒት ካሜራ ይዘው መጥተው ነበር። ካሜራው ከተበላሸ ቆይቷል፤ «ሄሊዮስ 44-2» የሚል የተጻፈበት ሌንሱ ግን እስካሁን በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አለ፤ ቁጥሩ በ80 ይጀምራል። እኔ በካኖን 700ዲ እና አብሮት በሚሸጠው 18-55 ሌንስ ክርስትናና ሠርግ እያነሣሁ ነው። ፊትን አጥርቶ ጀርባውን የሚያደበዝዝ ሌንስ ፈልጌአለሁ። አዲስ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ልግዛ ወይስ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) የአባቴን ልጠቀም? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ገንዘብ ለሚቀበሉበት ሥራ 50 ሚሊ ሜትሩን ይግዙ። ይህን የምለው የአባትዎን ሌንስ አቃልዬ አይደለም፤ ሄሊዮስ እኔም ከልቤ የምወደው ሌንስ ነው። ነገር ግን ካህኑ ሕፃኑን ከውኃው ብድግ የሚያደርጉበት ቅጽበት አይደገምም፤ ሄሊዮስ ደግሞ ኦቶፎከስ ስለሌለው ቀለበቱን በእጅ እያዞሩ ማጥራት የእርስዎ ድርሻ ይሆናል። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው፣ እስከ ኤፍ 2 ከፍተው ከ1.5 ሜትር ርቀት ሲያነሡ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ዐይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል፤ እናትየው ትንሽ ዘንበል ካለችም ፎቶው አመለጠ ማለት ነው። በአዲሱ ሌንስም ጥልቀቱ ያንኑ ያህል ጠባብ ነው፤ እዚያ ግን የማጥራቱን ሥራ ካሜራው ራሱ ይሠራልዎታል።

ብርሃንም ሌላው ምክንያት ነው። በሄሊዮስ 44-2 መስታወት ላይ ያለው ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ንብርብር ብቻ በመሆኑ፣ ሙሽሮቹ ብርሃን በሚያስገባ መስኮት ፊት ለፊት ሲቆሙ ፎቶው ላይ ስስ ጭጋግ ይወርድና የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ግራጫ ይሆናል።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የአባትዎን ሌንስ ከማኅደሩ ያውጡት። ሄሊዮስ 44 የጀርመኑን የካርል ዛይስ ኩባንያ ቢዮታር ሌንስ ንድፍ ተከትሎ በሶቪየት ኅብረት የተሠራ ነው፤ የሶቪየት ሌንሶች ቁጥር የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች ብዙውን ጊዜ የምርት ዓመቱን ስለሚያመለክቱ፣ የእርስዎ እ.ኤ.አ. በ1980 የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። ዝነኛ ያደረገው ከጀርባ ያለው ቅጠል ፊቱን ከብቦ የሚዞር እስኪመስል ድረስ የሚታየው ሽክርክሪት ነው። ከጠርዝ በኩል በሰያፍ የሚገባው ብርሃን በሌንሱ አካል ስለሚቆረጥ፣ የደበዘዙት የብርሃን ነጥቦች ክብነታቸውን አጥተው ዐይን መሰል ቅርጽ ይይዛሉ፤ ማዕከሉንም ይከብቡታል። ነገር ግን ሌንሱ የተሠራው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ለሆነ ፊልም ሲሆን፣ የ700ዲ ሴንሰር (በፊልም ፈንታ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ካሜራዎ የሚወስደው መሐሉን ብቻ ስለሆነ፣ በኢንተርኔት ያዩትን ዓይነት ሽክርክሪት ከጠበቁ ቅር ይልዎታል። በምትኩ የሌንሱ ጥርት ያለው ክፍል ይደርስዎታል፤ የእይታው ስፋትም በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የፊልሙን ያህል በሆነ) ካሜራ ላይ 93 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሚሰጠው ጋር ስለሚቀራረብ ለፊት ፎቶ እጅግ ተስማሚ ነው።

አዳፕተር ከመግዛትዎ በፊት ሌንሱን ይመርምሩ። ጨለማ ክፍል ውስጥ አፐርቸሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው፣ የስልክዎን ባትሪ ከኋላ በኩል ሰያፍ አድርገው ያብሩበት። ጥቂት አቧራ ምንም አያደርግም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ክር ካዩ ግን ፈንገስ ነው፤ የቆዳ ማኅደር እርጥበት ይይዛልና በየክረምቱ እዚያው የቆየ ሌንስ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ፈንገስ ያለበትን ሌንስ ባለሙያ እስኪያጸዳው ድረስ ከሌሎቹ ለይተው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። በአፐርቸሩ ምላጮች ላይ ዘይት ቢያዩ አይደንግጡ፤ የ44-2 ምላጮች የሚንቀሳቀሱት በስፕሪንግ ሳይሆን በእጅ በሚዞር ቀለበት ስለሆነ ዘይቱ ብዙም አይጎዳቸውም።

አዳፕተሩ ከኤም 42 (የአባትዎ ሌንስ ካለው የብሎን መግጠሚያ) ወደ ካኖን ኢኤፍ (የካሜራዎ መግጠሚያ) የሚቀይር ተራ ቀለበት ነው፤ መስታወት ያለበትን አይግዙ፣ ለካኖን አያስፈልግም። ሲያነሡ በእይታ መስኮቱ አይተማመኑ፤ ላይቭ ቪው (ምስሉን በካሜራው ጀርባ ስክሪን የሚያሳየውን) ከፍተው ምስሉን 10 ጊዜ አጉልተው ዐይኑ ላይ ያጥሩ። ለመለማመጃ አባትዎን በረንዳ ላይ ወንበር ሰጥተው ያስቀምጧቸው፤ እርሳቸው አይቸኩሉም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ ገዛሁ፤ መስታወቱ እንደ ሻይ ቢጫ ነው። ጨረር አለው ሲባልም ሰማሁ። ልመልሰው? (አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ አይመልሱት። ከዚህ ሌንስ ዓይነቶች አንዳንዶቹ ቶሪየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት መስታወት አላቸው፤ በዓመታት ውስጥ መስታወቱን ቢጫ ያደረገውም ይኸው ጨረር ነው። መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ በካሜራ ላይ መጠቀሙ አያሰጋም፤ ሌንሱን ግን አይፍቱት፣ መስታወቱንም አይፋቁ። አልትራቫዮሌት መብራት ሥር ለጥቂት ሳምንታት ቢያቆዩት ቢጫነቱ በአብዛኛው ይለቃል። በፀሐይ ለማድረግ ካሰቡ፣ ሌንስ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አንደኛውን አፉን በአሉሚኒየም ፎይል ይሸፍኑት፤ መስኮት ላይ ትተውትም ከቤት አይውጡ።