«የስ» ብለው የከለከሉት ወንበር

የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ይኖራሉ። ክሊኒክ ሄደው ነርሷ «ዩ ዶንት ሃቭ ኤኒ አለርጂስ?» ስትላቸው «የስ» አሉ። ነርሷ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማቸው መጠየቅ ጀመረች፤ እሳቸው ግራ ሲገባቸው የሆነ ነገር ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። በሳምንቱ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» ቢላቸው ፈገግ ብለው «የስ፣ የስ!» አሉት፤ ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ሄዶ ቆመ። ዘመድ ደግሞ «እንዲህ ሲጠይቁሽ ዝም ብለሽ ኖ በይ» ብሎ መከራቸው። ሥራ ቦታ «ዶንት ዩ ዎንት ኦቨርታይም?» ሲባሉ በምክሩ መሠረት «ኖ» አሉና ሰዓቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

እህቴ፣ ሦስቱም አንድ በሽታ ይመስሉኛል። የቃላት እጥረት አይደለም፤ ጥያቄዎቹንማ በደንብ ሰምተዋል። እርስዎ የሚመልሱት ለሰውየው ነው፣ እንግሊዝኛው የሚጠብቀው ግን ለግሡ እንዲመልሱ ነው። «አለርጂ የለብዎትም?» ሲባሉ «አዎ» ያሉት «ልክ ነሽ፣ የለብኝም» ለማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን ልክ ነሽ ወይስ አይደለሽም የሚለው አያሳስበውም። አለርጂው ካለ የስ፣ ከሌለ ኖ።

የዘመድዎ ጥገና ከብልሽቱ የባሰ ነው። ሁሉንም ኖ ማለት የሚንጠባጠብን ቧንቧ ከዋናው መዝጋት ነው፤ ማንጠባጠቡ ይቆማል፣ ውኃውም አብሮ ይቀራል። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። «የስ ማለት አዎ፣ ኖ ማለት አይ» ብለው በአንድ መስመር የሚያልፉ ርካሽ የመማሪያ ቡክሌቶች ይህን ዕቃ ሲቸበችቡ ኖረዋል። ዕቃው ለቀና ጥያቄ ይሠራል፤ «ኖት» ወይም እንደ «ዶንት» ያለ አጭሩ ያለበት ጥያቄ ላይ ሲገጥሙት ይሰበራል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ድሮ እንግሊዝኛ ለዚህ ሥራ አራት ቃላት ነበሩት። ለቀና ጥያቄ «ዬይ» እና «ኔይ»፣ አሉታ ላለበት ጥያቄ ደግሞ «የስ» እና «ኖ»። «አይመጣም ወይ?» ለሚል ሰው «የስ» ማለት «ኧረ ይመጣል!» ብሎ ማፍረስ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን ይህ ልዩነት እየደበዘዘ ሲሄድ እንግሊዛዊው ምሁር ቶማስ ሞር የአዲስ ኪዳን ተርጓሚውን ቲንዳልን በጽሑፍ ወረፈው። ዮሐንስ 1፥21 ላይ «ነቢዩ ነህን?» የሚለው ጥያቄ አሉታ የለበትምና መልሱ «ኔይ» መሆን ሲገባው «ኖ» ብለሃል ነው ነገሩ። የአማርኛው መጽሐፍ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነው፤ «አይደለሁም» ብሎ በግሡ ይመልሳል። በኋላ «ዬይ» እና «ኔይ» ከዕለት ንግግር ወጡ፤ ዛሬ በብዛት የሚሰሙት ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ ሲሰጥ ነው። የአራቱ ሥራ በሁለቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ፈረንሳዮች አሉታን ማፍረሻ «ሲ»ን፣ ጀርመኖች «ዶኽ»ን እንደያዙ አሉ። እኛ ደግሞ ግሡ ያድነናል፦ «አዎ፣ የለብኝም» ብንልም «አይ፣ የለብኝም» ብንልም ሰሚው የሚይዘው «የለብኝም»ን ነው። እንግሊዝኛ ላይ «የስ»ን ብቻዋን ጥለው ሲሄዱ ያ መያዣ የለም።

አሁን ወደ ጥገናው። ጥያቄውን እንደሰሙ «ኖት»ን በልብዎ ነቅለው ይጣሉ። «ዩ ዶንት ሃቭ» የሚለውን «ዱ ዩ ሃቭ» ብለው ይስሙትና ለእሱ ይመልሱ፤ መልሱ ያው አንድ ነው። ከዚያ ጅራት ይቀጥሉበት። ከ«የስ» ኋላ «አይ ዱ»፣ «አይ አም»፣ «አይ ካን»። ከ«ኖ» ኋላ «አይ ዶንት»፣ «አይም ኖት»፣ «አይ ካንት»። «የስ፣ አይ ዶንት» ካሉ ራሱና ጅራቱ አልገጠሙም፣ ፈተው እንደገና ይግጠሙ። ለኦቨርታይሙ መልስዎ «የስ፣ አይ ዱ» ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሐኪም፣ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ፊት «የስ» ወይም «ኖ» ብቻዋን ከአፍዎ አትውጣ። ጅራቷን ይዛ ትውጣ።

«ማይንድ»ን በተመለከተ ቀላል ነው። ቃሉን አእምሮ ወይም ማሰብ ብለው ከያዙት አይሠራም። «ቅር ይልሃል?» ብለው ይተኩት። «እዚህ ብቀመጥ ቅር ይልዎታል?» ቢባሉ «አዎ» እንደማይሉ የታወቀ ነው፤ «ኧረ ምንም፣ ይቀመጡ» ነው የሚሉት። ያ «ኧረ ምንም» በእንግሊዝኛ «ኖት አት ኦል» ወይም «ኖ፣ ጎ አሄድ» ነው። አገሬው ራሱ ብዙ ጊዜ «ሹር፣ ጎ አሄድ» ይላል፣ ሰሚውም መፈቀዱን ከድምፁ ይረዳል። አሠራሩ ላይ አንዲት ነገር ይለዩ፦ «ውድ ዩ ማይንድ ክሎዚንግ ዘ ዶር?» ከተባለ በሩን የሚዘጉት እርስዎ ነዎት፤ «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ክሎዝ ዘ ዶር?» ከሆነ የሚዘጋው ጠያቂው ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ደግሞ መጨረሻ ላይ «ራይት?» ወይም «ኮሬክት?» የተለጠፈበት ነው። «ዩ አር ኖት ፕሬግናንት፣ ኮሬክት?» (ነፍሰ ጡር አይደሉም፣ ልክ ነኝ?) ሲባል ጥያቄው ስለ አረፍተ ነገሩ ልክነት ስለሆነ እዚህስ «የስ» እንደ አማርኛው «ልክ ነሽ» ተብሎ ሊያዝ ይችላል፣ ላይያዝም ይችላል። ስለዚህ አይገምቱ። «ኖ፣ አይም ኖት» ብለው ይጨርሱት።

ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላትን «አዎ» ደግሞ ቤት ይተዉልኝ። በስልክ ጭራሽ ላትሰማ ትችላለች፤ ፊት ለፊት ለማያውቃት ሰው የደነገጡ ወይም ያመመዎት ያስመስላል።

ስለ መድኃኒትና ስለ ፊርማ ሲሆን ደግሜ እላለሁ፣ ሙሉውን ይናገሩ። እርግጠኛ ካልሆኑ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም ሆነ ክሊኒክ ያለ ክፍያ ማቅረብ ግዴታው ነው። «አማሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ይበቃል። የቤተሰብ ልጅ ይህን ሥራ አይሥራ።

እስከዚያው ግን ያ ነርሷ የጻፈችው ነገር መዝገብዎ ላይ ተቀምጧል። የሌለብዎት አለርጂ ተመዝግቦ ከሆነ፣ አንድ ቀን የሚበጅዎትን መድኃኒት ሊያስቀርብዎት ይችላል። ነገ ጠዋት ክሊኒኩ ደውለው እንዲህ ይበሉ፦ «አይ ዶንት ሃቭ ኤኒ አለርጂስ። ፕሊዝ ኮሬክት ማይ ሬኮርድ።» ከወዲያ በኩል «ሶ ዩ ዶንት ሃቭ ኤኒ?» ብለው መልሰው መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ «ኖ፣ አይ ዶንት»።