መልስ፦ አሸዋ መርጫው ግፊት የሚያጣበት ምክንያት

ሱሉልታ ላይ ዝገት በሚያስለቅቀው አሸዋ መርጫህ ስትሠራ፣ ባለ 50 ሊትር ታንክ ኮምፕረሰርህ (አየር አማቂው ማሽን) ደቂቃ ሳይሞላ ግፊቱ ለምን እንደሚወድቅ ጠይቀሃል። የሚወድቅብህ መርጫው ተበላሽቶ ሳይሆን ኖዝሉ (አየሩ የሚወጣበት ጫፍ) ሰፍቶ ነው። 3 ሚሊሜትር ኖዝል በ6 ባር ግፊት በደቂቃ ወደ 600 ሊትር አየር ይበላል፤ ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ኮምፕረሰር የዚህን ሲሶ ቢሰጥ ነው። ሱሉልታ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ኮምፕረሰሩ የሚሰጠው ከዚያም ያንሳል።

ኖዝሉን በ2 ሚሊሜትር ቀይርና ግፊቱን ወደ 4 ባር አውርድ፤ ፍጆታው ወደ 190 ሊትር ይወርዳል። እየረጨህ፣ እያረፍክ ሥራ። ለማጠፊያና ለትንንሽ ዕቃ ዝገት ይበቃል፤ የመኪና ቻንሲ ግን አታስበው።

የሚረጨው እየተቆራረጠ የሚወጣ ከሆነ ምክንያቱ እርጥበት ነው። የታንኩን ውሃ ከሥር አፍስስ፣ የውሃ ማጣሪያውንም መርጫው አጠገብ ግጠም። ክረምት ላይ ይህ ይብሳል።

የግንባታ አሸዋ ርካሽ ነው ብለህ እንዳትጠቀም! በውስጡ ያለው የሲሊካ ማዕድን ብናኝ የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ የጨርቅ ማስክም አያቆመውም። በአሸዋው ምትክ የሚረጩትን የጋርኔት ወይም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ደቃቅ ጠጠሮች ግዛ።