የሰፈርን ታሪክና ተፈጥሮ በበጋ ማሰስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ያደግሁበትን አካባቢ ታሪክ መሰብሰብ እፈልጋለሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግን ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ ከካርታ ይጀምሩ። በኮምፒውተር ጉግል ኧርዝን ከፍተው የቆዩ የሳተላይት ምስሎችን እያፈራረቁ ይመልከቱ። ከቤትዎ ዙሪያ ከ3 ኪሎ ሜትር አይራቁ፤ በእግር ደርሶ መልስ የማይሆን ቦታ ለጊዜው ይቆይ። የሚፈልጉት ያለ ምክንያት የተቀመጠ የሚመስለውን ነገር ነው፦ ቀጥ ብሎ ሄዶ በሜዳ መሐል ድንገት የሚታጠፍ መንገድ፣ በመስመር የቆሙ አሮጌ ዛፎች፣ በእርሻ ውስጥ ማረሻ ያልነካው ጉብታ። መንገድ ባዶ ሜዳ ላይ በከንቱ አይታጠፍም፤ ብዙ ጊዜ ድሮ አጥር፣ ረግረግ ወይም ቤት የነበረበትን ነው የሚዞረው። እንዲህ ያሉ አምስት ነጥቦች ላይ ምልክት አድርገው ከዚያ ይውጡ።

ጥያቄ፦ በዝናብ ወቅት ያልነበረ ቢጫ መስመር ሣሩ ላይ ታየኝ፤ አራት ማዕዘን ይመስላል። የፈረሰ ቤት መሠረት ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ደረቁን ወቅት የምንጠብቀውም ለዚሁ ነው። ከሣሩ ሥር ግንብ ካለ በላዩ ያለው አፈር ስስ ስለሆነ ቀድሞ ይደርቃል፣ ሣሩም ቀድሞ ይጠወልጋል። የተደፈነ ቦይ ወይም ጉድጓድ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፦ አፈሩ ጥልቅ ነውና እርጥበት ይዞ፣ ዙሪያው ቢጫ ሲሆን እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይሰነብታል። በእንግሊዝ ስቶንሄንጅ በተባለው ጥንታዊ የቆሙ ድንጋዮች ስፍራ በ2013 እ.ኤ.አ. የሣር ማጠጫው ቱቦ አጥሮ ያልደረሰበት ክፍል ሲደርቅ፣ የጠፉ ድንጋዮች ቆመውበት የነበረ የሚመስሉ ምልክቶች ብቅ አሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. ድርቅ ደግሞ በአየርላንድ ኒውግሬንጅ ከተባለው ጥንታዊ መቃብር አጠገብ፣ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ግዙፍ ክብ ቅርጽ በድሮን ታየ።

ቶሎ ግን አይደሰቱ። የውሃ ቧንቧ፣ የመኪና ጎማና ተተክሎ የተነሣ ድንኳንም ተመሳሳይ ምልክት ይተዋሉ። ቧንቧ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቤት ወይም የፍሳሽ ክዳን ላይ ያበቃል። የጎማ መስመር ጥንድ ጥንድ ነው። የድንኳን ምልክት ውስጡም ጭምር ይጠወልጋል። ግንብ ግን ማዕዘን አለው፤ ስፋቱም ከዳር እስከ ዳር ብዙ አይለዋወጥም።

ፎቶውን ፀሐይ ዝቅ ስትል ከፍ ካለ ቦታ ያንሡ፤ እንደ ምሰሶ ወይም የቤት ጥግ ያለ ቋሚ ነገርም ይግባበት። ከዚያ የምልክቱን እያንዳንዱን ጥግ ከሁለት ቋሚ ነገሮች በሜትር ይለኩ። ዝናብ ከጣለ ሣሩ በቀናት ውስጥ አገግሞ ሁሉንም ይሸፍነዋል፤ ልኬት ከሌለዎት ቦታውን እርስዎም መልሰው አያገኙትም። መቆፈር ግን የለም! አንድ ዕቃ ዘመኑ የሚታወቀው ከየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከምን ጎን እንደተገኘ ሲታወቅ ነው፤ አካፋ ያንን ለዘላለም ያጠፋል። ለቅርስ መሥሪያ ቤት ያሳውቁ፤ ትክክለኛ ቦታውን በይፋ አይለጥፉ።

ጥያቄ፦ የመቃብር ድንጋይ ላይ ያለው ጽሑፍ አልነበብ አለኝ። ጠመኔ ልቀባው?

መልስ፦ አይቀቡት። ጠመኔ ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል፣ የጢም መላጫ አረፋ አሲድ ያለው ነው፣ የሽቦ ብሩሽ ደግሞ ፊደሉን ራሱን ይፍቃል። መስታወት ይዘው የፀሐይዋን ብርሃን ከጎን፣ ድንጋዩን ታክኮ እንዲያልፍ ያንጸባርቁበት። በደመና ቀን የስልክ መብራትም ይሠራል። ብርሃኑን ከግራም ከቀኝም ከላይም እያደረጉ ሦስት ፎቶ ያንሡ፤ በአንዱ የተደበቀው ጭረት በሌላው ይወጣል።

ጥያቄ፦ የዛፍ ዕድሜ ሳይቆረጥ ይታወቃል?

መልስ፦ በግምት። ግንዱን ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ በሜትር ዙሪያውን ይለኩ። ቀዝቃዛና መካከለኛ አየር ባለበት አገር ለብቻው የቆመ ዛፍ ዙሪያው በዓመት በአማካይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ በጫካ ውስጥ ግማሹን። ስለዚህ 250 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሜዳ ላይ 100 ዓመት፣ ጫካ ውስጥ 200 ገደማ ነው። እንደ ባሕር ዛፍ ላለ ፈጣን አዳጊ ይህ ስሌት አይሠራም። ሜትሩ ካዘነበለ ደግሞ ዛፉን ያስረጁታል።

ጥያቄ፦ የስልክ መተግበሪያ የተክሉን ስም ይነግረኛል፤ ልመነው?

መልስ፦ እንደ መነሻ ብቻ። ኢናቹራሊስት በተባለው የተክልና የእንስሳት መለያ መተግበሪያ ላይ አንድ ፎቶ ከመስቀል ይልቅ ሙሉውን ተክል፣ ቅጠሉን ከላይም ከሥርም፣ አበባውን ከፊትም ከጎንም፣ ግንዱንም ያስገቡ። አበባውን ብቻ የሚያሳይ ፎቶ በቀላሉ ያሳስታል። ለወፍ ከሆነ ንጋት ላይ ይውጡ፤ ረፋዱ ካለፈ ዝም ይላሉ። ቢራቢሮና እንሽላሊት ግን ሙቀት ይወዳሉና የእነሱ ሰዓት ያኔ ነው። ማታ ነጭ አንሶላ ሰቅለው መብራት ያብሩበት፤ ጨረቃና ነፋስ በሌለበት ሞቃት ሌሊት የእሳት እራት ይሰበሰብበታል።

ጥያቄ፦ ሽማግሌዎችን ስጠይቅ «ድሮ ነው» ብቻ ይሉኛል።

መልስ፦ ዓመተ ምሕረት ስለሚጠይቁ ነው። «መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ነው በኋላ?»፣ «ያኔ ልጅ ወልደው ነበር?» ይበሉ፤ ዓመቱን በኋላ እርስዎ ያሰሉታል። የቆየ ፎቶ ይዘው ይሂዱ፤ ከተቻለም ቦታው ድረስ አብረው ይራመዱ። መልሱን በጥያቄው ውስጥ አያቀብሏቸው፦ «እዚህ ወፍጮ ነበር አይደል?» ከተባለ፣ በትሕትና «አዎ» የሚልዎት አይጠፋም። ድምፅ ለመቅዳት አስቀድመው ያስፈቅዱ፣ ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ ያድርጉ። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ያሉትን እስኪያገኙ ድረስ «ይባላል» ብለው ይመዝግቡት።

ጥያቄ፦ ስለ ደኅንነትስ?

መልስ፦ በሙቀት ለአንድ ሰዓት ጉዞ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ውሃ። የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እጅ አይግባ። ከመብረቅ ብልጭታ እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ሰከንድ ለ3 ያካፍሉ፤ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ያ ነው። ከ30 ሰከንድ ካነሰ ወደ ቤት ወይም መኪና ይግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ማስታወሻዬ ላይ ምን ምን ልጻፍ?

መልስ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ መገኛ፣ ያዩት፣ የነገረዎት ሰው፤ እዚያው ቆመው ይጻፉት። መገኛው፣ ማለትም ስልኩ በዲግሪ የሚያሳየው ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከነጥብ በኋላ 5 አኃዝ ይኑረው፤ ያ 1 ሜትር ያህል ነው፣ 4 አኃዝ 11 ሜትር። ስልክ በዛፍ ሥር ስለሚስት ሰማይ ወደሚታይበት ወጣ ብለው ያንብቡ። ኬክሮስ (የሰሜን–ደቡቡ) ይቀድማል፣ ኬንትሮስ (የምሥራቅ–ምዕራቡ) ይከተላል፤ ሁለቱን ያገላበጠ ሰው ነጥቡን ካርታ ላይ ሲያስገባ ሌላ አገር ወይም ባሕር ውስጥ ያገኘዋል።