ያለፈባችሁን ቀን አትደብቁ

ልጆቼ፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ በጥብቅና ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። ሚስቱን አሜሪካ ትቶ የተመለሰ ወጣት ቢሮዬ ሲመጣ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ቪዛዬ አልፎ ቆይቼ ነበር። ባልናገርስ?»

ተናገሩ።

በቅርቡ አንዱ ፓስፖርቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ፣ ቪዛው ካበቃበት ቀን ጀምሮ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ቆጠራው ግን ከዚያ አይነሳም። ቪዛ የመግቢያ ነው፤ እስከ መቼ መቆየት እንደተፈቀደላችሁ የሚናገረው አይ-94 የሚባለው መዝገብ ነው። አሜሪካ ሲወጡ ማህተም አይመታም። ገጹን ስገልጥ ግን የቦሌዋ የመግቢያ ማህተም ቀለሟ ደብዝዞ አገኘኋት። አይ-94ቱ ካበቃበት ቀን እስከዚያች ማህተም ስንቆጥር 7 ወር ሆነ።

እዚህ ላይ ቀን ብዙ ነገር ይወስናል። ከ180 ቀን በላይ፣ ከ1 ዓመት በታች ያለ ፈቃድ ቆይቶ በራሱ የወጣ ሰው አሜሪካ እንዳይገባ 3 ዓመት ይታገዳል፤ 1 ዓመት የሞላው ደግሞ 10 ዓመት። የሚቆጠረው ከወጣበት ቀን ነው። ጋብቻ እገዳውን አያነሳም፤ የሚስት ማመልከቻ፣ አይ-130፣ ቢጸድቅም እገዳው እንዳለ ነው። ቀድሞ ለመመለስ አይ-601 በሚባለው ቅጽ ይቅርታ ይጠየቃል። እዚያ ላይ ብዙዎቻችሁ የራሳችሁን መከራ ትጽፋላችሁ። የሚታየው ግን ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላት ሚስታችሁ (ወይም ወላጃችሁ) የሚደርስባት ከባድ ችግር ነው። ናፍቆት ብቻ አይበቃም፤ የሐኪም ወረቀቷን፣ ዕዳዋን፣ የምትጦራቸውን እናቷን አስረዱ።

የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁንም ከመላካችሁ በፊት እዩት። የእኛ አገር ሠርግ ጥር ላይ ይበዛል። ጥር ላይ የተሞሸረ ሰው ወደ ፈረንጅ ዓመት ሲለውጥ 8 መደመር ሲገባው 7 ይደምርና ሚስቱ ከሞላችው ቅጽ ጋር አንድ ዓመት ይለያያል። ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው የኤምባሲ ሰው ፊት ይህ የተርጓሚ ስህተት አይመስልም።

ያን ልጅ ደላላ «በሌላ ስም አዲስ ፓስፖርት አውጣ» ብሎት ነበር። የጣት አሻራው እኮ አሜሪካኖቹ ጋ አለ! የቆየው 7 ወር የሚያግደው 3 ዓመት ነው፤ ሆን ብሎ መዋሸት ግን ዕድሜ ልክ ሊያሳግድ ይችላል። ደግሞም ከወጣ ከ2 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሚስቱ ዛሬ ብታመለክት፣ ጉዳዩ ለቃለ መጠይቅ እስኪደርስ እገዳው ሊያልቅ ይችላል። ይህን ስነግረው ስልኩን አወጣና እኔው ፊት ደወለላት።