ኦቲዝምና የአንጎል ሞገድ ልኬት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ ሞገድ ከጭንቅላት ቆዳ ላይ የሚቀዳ ምርመራ) ባሠራለት ኦቲዝም እንዳለበት ይለይልኛል?

አይለይም፤ ለዚህ ብለው ገንዘብ አያውጡ። ኦቲዝምን ባለሙያ የሚለየው የልጁን ጨዋታ፣ ንግግርና ጠባይ አይቶ፣ አስተዳደጉንም ከወላጅ ጠይቆ ነው። በኢኢጂ የተገኘው ልዩነት የብዙ ልጆች አማካይ ሲነጻጸር የሚታይ እንጂ በአንድ ልጅ ላይ የሚያስፈርድ አይደለም። የሚጥል በሽታ ግን ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ ይበዛል። ልጅዎ በድንገት ፈዝዞ የሚቀር፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ይናገር የነበረውን የተወ ከሆነ ለነርቭ ሐኪም ያሳዩት። ያኔ ኢኢጂ ይጠቅማል፤ በተለይ ተኝቶ ሲቀዳ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተመራማሪዎች ምኑን ይለካሉ?

በሰፊው የተጠናው ኤን170 ነው። የሰው ፊት ከታየ ከ170 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ ከጆሮ በስተኋላ፣ ይበልጡን በቀኝ በኩል የሚመዘገብ ሞገድ ሲሆን ኦቲዝም ባላቸው በአማካይ ይዘገያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ ባዮማርከር (በልኬት የሚታወቅ የሰውነት ምልክት) ማረጋገጫ ሂደቱ አስገብቶታል። ዓላማው የመድኃኒት ሙከራ ተሳታፊዎችን መመደብ ነው፤ ለምርመራ ተፈቀደ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ የሙ ሞገድስ (ሰው ሲንቀሳቀስ የሚቀንሰው ሞገድ)?

ሲ3 እና ሲ4 በሚባሉት፣ በጭንቅላት መሃል ግራና ቀኝ ባሉ ነጥቦች ላይ ይለካል። በአዋቂ ከ8 እስከ 13 ኸርዝ ስለሆነ ከጭንቅላት ኋላ ከሚመጣው፣ አልፋ ከሚባለው የዕረፍት ሞገድ ጋር ይደባለቃል፤ ውጤቱም ከጥናት ጥናት ይለያያል። የመመረቂያ ጽሑፍ በእሱ ላይ ብቻ እንዲቆም አልመክርም።

ጥያቄ፦ በጥናታችን ባለ 128 ኤሌክትሮድ (ሞገዱን የሚቀበል ነጥብ) የስፖንጅ መረብ እንጠቀማለን። ጎረቤት ቻናሎች አንድ ዓይነት ሞገድ ያሳያሉ።

ውኃው በዝቶ ኤሌክትሮዶቹን አገናኝቷቸዋል። በ1 ሊትር ለብ ያለ የተጣራ ውኃ 11 ግራም ያህል ፖታሲየም ክሎራይድና 5 ሚሊ ሊትር የሕፃን ሻምፑ በጥብጡ፤ መረቡን 5 ደቂቃ ነክራችሁ በፎጣ አድርቁት። ኢምፒዳንስ (በኤሌክትሮዱና በቆዳው መሃል ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም) ከ50 ኪሎ ኦም በታች ይሁን። ስፖንጁ እየደረቀ ሲሄድ ስለሚጨምር በመሃል ደግማችሁ ለኩ።

ጥያቄ፦ ሹሩባ የተሠራች ወይም ቅቤ የተቀባች ልጅ ብትመጣስ?

ቅቤና ቅባት ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፤ ዋዜማውን በሻምፑ ብቻ ትታጠብ፣ ኮንዲሽነር አይጨመር። ቀጠሮ ሲሰጥ ካልተነገረ እናትየዋ አታውቅም። በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ እነ አርኔል ኤቲየን በሹሩባው መስመሮች መሃል የሚያዝ ኤሌክትሮድ ሠርተዋል። በፀጉራቸው ምክንያት ልጆችን መመለስ ጥናቱን ጥቁር ልጆች የሌሉበት ያደርገዋል፤ ይህ ሊታለፍ አይገባም።

ጥያቄ፦ ልጁ መረቡን ጭንቅላቱ ላይ አላስነካም ካለ?

አታስገድዱት። ያለቀሰ ልጅ የጡንቻ ጫጫታ እንጂ የአንጎል ሞገድ አያስቀዳም። አሮጌ መረብና የቅደም ተከተል ሥዕል ከሳምንት በፊት ወደ ቤት ላኩ፤ በአሻንጉሊት ላይ ይለማመድ። ሲቀዳም ዓይኑን በካሜራ ተከታተሉ፤ የሚታየውን የፊት ሥዕል ያላየበት ሙከራ (ሥዕል አንድ ጊዜ የሚታይበት ዙር) ከተቆጠረ የኤን170 መዘግየት የትኩረት ማነስ ይሆናል። ደግሞም ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ብዙ ሙከራ በእንቅስቃሴ ስለሚጣል አማካያቸው ይረበሻል። የሁለቱን ቡድኖች የሙከራ ቁጥር ሳታስተካክሉ አታነጻጽሩ፤ ስንት እንደቀረም ለእያንዳንዱ ልጅ ጻፉ።